ፌዘኛው ወንድም

ምስጢሩን ለሌላ ሰው ያካፈለ ሸክሙ ይቀልለታል ይባላል። አይቀልለትም። እንዲህ የሚሉት ደህና ምስጢር ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ የነበረኝን አንድ ምስጢር አውጥቼ በተናገርኩ ዕለት ሸክሜ አልቀለለም። እኔ ተሸክሜዋለሁ ያልኩት ነገር እኔን ተሸክሞኝ እንደኖረ ነው የተረዳሁት። የሆነው እንዲህ ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ልደታ ማርያም አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መጽሐፍ እየጠረዝኩ እኖር ነበር። ዳዊት ይመጣልኛል፣ ድርሳን ይመጣልኛል፣ አንዳንዴም ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንጅ መጽሐፍ። የመጣውን ሁሉ ሳላነብ አልመልስም። ስለዚህ ብዙ አውቅ ነበር፤ ከማውቀው በላይ ደግሞ እናገር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ወላጆቼን በልጅነቴ ያጣሁ፣ አጎቴ ቤት ያደግሁ፣ ምላሴ ከመርፌዬ የሚሾል ሰው ነበርኩ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረኝ። ቀኔ ቀዳዳ ነበረበት። ሙጫ ላሞቅ ቁጭ እላለሁ፤ ቀና ስል ፀሐይዋ ዞራ፣ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ደጁ ተጠርጎ አገኛለሁ። ማን እንዳደረገው አላውቅም፤ መዳፌ ላይ ግን ውኃ የቋጠረ ቁስል አለ። አንድ ጊዜ የቤቴ በር የውጭ መቀርቀሪያ ተነቅሎ ሣሩ ላይ ተጥሎ አየሁ፤ መዶሻው በገዛ እጄ ውስጥ ነበር። አጥፍቼው የተኛሁት ኩራዝ ጠዋት ጋዙን ጨርሶ ይገኛል። ድምፆችም ነበሩ፤ በጆሮዬ ሳይሆን ከግንባሬ ጀርባ የሚሰሙኝ፣ አንዱ ጎርናና የወንድ፣ ሌላው ቀጭን የሴት ልጅ።

ይህን የሚያነብ ሁሉ «ዛር ነው» እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ዛር ሲመጣ ስሙን ይናገራል፣ ሽቶና ዶሮ ያዛል፣ ይከበራል። የእኔዎቹ ምንም አላዘዙኝም። እንጨት ፈልጠው ይሄዳሉ። እንጨት የሚፈልጥ ዛር ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

ጊዜውም ለባለዛር የሚመች አልነበረም። ጣሊያን ጠንቋዩንም፣ ባሕታዊውንም፣ ሕልም ፈቺውንም «መንግሥታችን ይወድቃል እያለ ያስወራል» ብሎ ይለቅም ነበር። የተወሰዱት አልተመለሱም። «በውስጤ ሌላ ሰው አለ» ብዬ ብናገር መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ባንዳ ይሰማዋል። ስለዚህ ዝም አልኩ። እንደ እኔ ያለ ለፍላፊ በዕድሜው ዝም ያለበት ብቸኛ ጉዳይ ይህ ነበር።

ታዲያ ምን አናገረህ ብትሉኝ፣ አስካለ ናት። አስካለ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ የጣሊያን ሹማምንትን ሸሚዝ አጥባ በካውያ ትተኩሳለች። ላገባት ጠይቄ እሺ ብላኝ ነበር፤ ግን በቁርባን ካልሆነ አይሆንም አለች።

«ነገ ጣሊያን ይወስድህ አይወስድህ አላውቅም» አለችኝ። «ቢያንስ እግዜር ባሌ መሆንህን ይወቅልኝ።»

ቁርባን አይፈታም። ከቁርባን በፊት ደግሞ ንስሐ መግባት ግድ ነው። እንግዲህ ጭንቄን ተመልከቱልኝ፦ ለቄስ ብናገር ጠበል ይሰዱኛል፤ እዚያ በሰው ፊት ስንፈራገጥ እታያለሁ፤ ሠርጉ ይቀራል፤ ወሬው የጣሊያን ኬላ ድረስ ይደርሳል። ባልናገር ደግሞ አስካለ አንድ ሰው አገባሁ ብላ የማታውቃቸውን ሁለት ሰዎች ጨምራ ልትወስድ ነው።

በመጨረሻ አባ ወልደ ሰንበትን መረጥኩ። የመረጥኳቸው ቅዱስ ናቸው ተብዬ አይደለም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከቅዳሴ ተገልለዋል፤ በልደታ ግቢ ጥግ ባለች ጎጆ ተቀምጠው ንስሐ ብቻ ይቀበላሉ። ቢያንስ ፊቴን አያዩትም ብዬ ነው።

በሁዳዴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስካለ ቤት ወደ ልደታ ስሄድ ኬላው ላይ አንድ ባንዳ አስቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«ምን ልትሠራ?»

«እንዳንተ ላለው ልጸልይ።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። ቀጥሎ የማስታውሰው የልደታን በር ተደግፌ ቆሜ ነው። የታችኛው ከንፈሬ ተሰንጥቋል። ነጠላዬ ግን አንድ ሰው ተጨንቆ ያለበሰኝ ይመስል በሥርዓት ተጣፍቷል። ያ ጎርናናው እንደገና ተደባድቦ አዋረደኝ ብዬ በልቤ ረገምኩት። ደሜን በነጠላው ጫፍ ጠርጌ ገባሁ።

አባ መደባቸው ላይ ተቀምጠው የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«አባ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ማነህ ልጄ?»

«ደምሴ እባላለሁ። መጽሐፍ ጠራዡ።»

ቆሎው አፋቸው ውስጥ ቆመ።

«አሃ! ፌዘኛው!» አሉ። «መጣህ በስተመጨረሻ? ወንድምህን ስንት ጊዜ አምጣው አልኩት መሰለህ!»

«ወንድም የለኝም አባ።»

«ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም። ለእናቴ አንድ ነኝ።»

«በሁዳዴ አትዋሽ!» አሉ ተቆጥተው። «ባሻን አላውቀውም? ያን ድምፀ ጎርናና፣ እንጨት ፈላጩን? ከካቻምና ጀምሮ የንስሐ ልጄ ነው። እህታችሁስ፣ ውቢት? ያቺ ምስኪን፣ ስትናገር ድምፅዋ እዚህ መደብ ላይ የማይደርስ? አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ እንደምትኖሩ፣ አጎታችሁ ዘንድ እንዳደጋችሁ ሁሉ ነግረውኛል። ሦስተኛ ወንድም አለን፣ መጽሐፍ ሲያነብ ይውላል፣ በሰው ይቀልዳል፣ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም ብለውኛል። አንተ አይደለህም?»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ምስጢሬን ላወጣ የመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ምስጢሬ ግን ቀድሞኝ መጥቶ፣ ተናዞ፣ ቆሎ ተካፍሎ ሄዷል። ስማቸውን እንኳ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ባሻ። ውቢት።

«አባ» አልኩ፣ «ባሻ ሲመጣ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚያው አንተ ያለህበት።»

«ውቢትስ?»

«እዚያው።»

«አብረው መጥተው ያውቃሉ?»

አሰቡ። «ኧረ አያውቁም። አንዱ ሲመጣ ሌላው የለም።»

«ከእኔም ጋር አብረው መምጣት አይችሉም» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ነገርኳቸው። አጎቴ ጥፋት ባጠፋሁ ቁጥር፣ ሳላጠፋም፣ መስኮት የሌለው ጓዳ ውስጥ አስገብቶ በውጭ መቀርቀሪያ እንደሚዘጋብኝ፤ አንዳንዴም ከመዝጋቱ በፊት እንደሚገርፈኝ። ጅራፉ ሲነሳ አየዋለሁ፣ ሲያርፍ ግን እኔ እዚያ እንዳልነበርኩ፤ ጨለማው ሲጀምር አውቀዋለሁ፣ ሲያልቅ ግን እንደማላስታውሰው። በእኔ ፈንታ የሚገረፍ አንድ ሰው፣ በእኔ ፈንታ ጨለማ ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበሩ። አጎቴ ሞተ። እነሱ አልሄዱም። ለማንም ሰው ተናግሬው የማላውቀውን ይህን ሁሉ ሞራ ለጋረደው ዓይን ተናገርኩ።

አባ ወልደ ሰንበት እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጢሜን ዳሰሱ። የተሰነጠቀው ከንፈሬ ላይ ሲደርሱ ቀስ አሉ።

«የሦስታችሁም ፊት ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው አባ።»

«የውቢትም?»

«የውቢትም።»

«ጢም አላት?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም፤ ተክዘዋል። አሁን ጠበል የሚለው ቃል ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣ ሲል ራሴ አመጣሁት።

«ርኩስ መንፈስ አይሉኝም?»

«ዓይኔ ቢያይ ኖሮ እልህ ነበር» አሉ። «ባሻ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ፊቱን ባየው ያው ጠራዡ ነው፣ ጋኔን ድምፁን ለውጦበታል ብዬ ጠበል እሰደው ነበር። አላየሁም። ሰው መጣ አልኩ፣ እንደ ሰው ሰማሁት። ስግደት ሰጠሁት፤ ሰግዶ መጣ። ጋኔን ይሰግዳል እንዴ? ዛሬ ተነስቼ ሰው አይደለህም ልበለው?»

ትንሽ ልቤ ሲመለስ ያው አመሌ አገረሸ። «ምን ብለው ተናዘዙ ግን? ባሻ ያደረገው ክፉ ነገር አለ?»

«ወግድ!» መስቀላቸውን አነሱ። «የሰው ንስሐ ለአንተ ላወጣ?»

«አባ፣ እኔው እኮ ነኝ!»

«አይደለህም። አሁን ሦስት ነን ብለኸኝ የለም?»

ብዙ ክርክር ያሸነፍኩ ሰው ነኝ። ይህኛውን ግን አባ ረቱኝ።

ከዚያ አባ የሠርጉን ነገር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። መስቀሉን በጉልበታቸው ላይ እያዟዟሩ ቆዩ።

«ጥምቀታችሁ አንድ ነው፤ በአንድ ገላ ነው የተጠመቃችሁት» አሉ። «ኃጢአታችሁ ግን የየራሳችሁ ነው። ቁርባን ደግሞ እንደ ጥምቀቱ ነው፤ አንዳችሁ ተቀብሎ ሌላው የሚቀርበት መንገድ የለም። ስለዚህ ሁለቱ እሺ ሳይሉ አላቆርብህም። ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ጋብቻው ያሉትን እነግርሃለሁ፤ ያ ንስሐ አይደለም፣ ሽምግልና ነው። የአንተ ቀኖና ደግሞ ይሄ ነው፦ ልጅቱ ትወቅ።»

«ብትተወኝስ?»

«ከሠርጉ በፊት ትተውህ።»

በማግሥቱ ጠመንጃ ያዥ ሄድኩ። አስካለ ደጅ ላይ የአንድ መቶ አለቃ ሸሚዝ ዘርግታ ትተኩሳለች።

«ከንፈርህ ምን ሆነ?»

«ኬላ ላይ ነው። አስኩ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

«ሚስት አለችህ» አለች፣ ከካውያው ቀና ሳትል።

«የለችኝም።»

«ባንዳ ነህ።»

«ምን ነካሽ!»

«እንግዲያ ሌላው ቀላል ነው። ተናገር።»

ተናገርኩ። ከሙጫው ጀመርኩ፣ ጓዳው ላይ ደረስኩ፣ በአባ ጨረስኩ። በመካከሉ የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ።

«አስኩ፣ ኮሌታው!»

«ተወው። ቀጥል» አለችኝ። ኮሌታው ጠቆረ። ቀጠልኩ።

ስጨርስ ካውያውን ድንጋይ ላይ አቆመችው።

«እናቴ የታመመች ጊዜ መጥቶ እንጨት የፈለጠልን ባሻ ነበር?»

«መቼ?»

«አታውቀውም?» ትክ ብላ አየችኝ። «አንድ ቃል ሳትተነፍስ ግንዱን ሁሉ ፈልጠህ፣ ከግድግዳው ሥር ደርድረህ ሄድክ። እኔ እኮ ላገባህ የቆረጥኩት በዚያ ቀን ነው። ምላሰኛ ነው ሲሉኝ፣ ኧረ ዝም ማለትም ያውቅበታል ብዬ።»

በራሳችሁ ላይ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ስንት ቀልድ ቀልጄ፣ ልጅቱን የማረካት መጥረቢያ ነው።

«እና ምን ትያለሽ? እሺ ነው እምቢ?»

«መጀመሪያ ለመቶ አለቃው ምን እንደምለው ላስብ» አለች፣ የተቃጠለውን ኮሌታ እያገላበጠች። «አሁን ሂድ። ሆሳዕና ዕለት ልደታ እመጣለሁ።»

እስከ ሆሳዕና ድረስ የጠረዝኩትን መጽሐፍ ሁሉ ገልብጬ ሳልጠርዝ አልቀረሁም። የምጠብቀው የአስካለን መልስ ብቻ አልነበረም። ያላየኋቸው ሁለት ሰዎችም መልስ አለባቸው፤ መልሱን ለመስጠት የሚሄዱት በእኔ እግር ነው፤ እኔ ግን መሄድ አለመሄዳቸውን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥርሴ መካከል የሽምብራ ቆሎ ልጣጭ አገኘሁ። ቆሎ አልገዛሁም ነበር። አንዳቸው አባ ዘንድ ደርሰው መጥተዋል ማለት ነው።

የሆሳዕና ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ ወደ አባ ጎጆ ሄድኩ። አስካለ ቀድማኝ አባ አጠገብ ተቀምጣለች። በእጇ የዘንባባ ቅጠል ይዛ ቀለበት ትሠራለች፤ ሰላም ስላት ራሷን ብቻ ነቀነቀችልኝ።

«ባሻ መጥቶ ነበር» አሉ አባ። «እሺ ብሏል። ግዴታ አለው ግን።»

«ምን አለ?»

«ኬላ ላይ አፍህን እንድትዘጋ። ‹እሱ ተናግሮ ይጠፋል፤ ጥፊውን የምበላው እኔ ነኝ› ነው ያለው።»

እጄ ሳላዘው ከንፈሬ ላይ ሄደ። ተደባዳቢ ስለው የኖርኩት ሰው አንድም ቀን ተደባድቦ አያውቅም ነበር። የእኔን ምላስ ዕዳ በገዛ ፊቱ ሲከፍል፣ ከዚያም ነጠላዬን አስተካክሎ እስከ ደጅ ሲያደርሰኝ ነው የኖረው።

«ውቢትስ?»

«እሷም እሺ ብላለች። በሩ ከውጭ አይዘጋ፣ ማታ ኩራዙ አይጥፋ አለች።»

«ሌሊቱን ሙሉ?» አለች አስካለ። «ጋዝ እንዴት እንደተወደደ አልሰማችም ይቺ ልጅ?»

አስካለ ቅጠሏን ሁለት ጊዜ አጠፈች።

«እሺ ይበሏት አባ» አለች። «እኔም ግዴታ አለኝ። ሰው ሰው ቤት ሲገባ ሰላም ይላል። የመጣው ሁሉ ሰላም ብሎኝ፣ ማን እንደሆነ ነግሮኝ ይግባ። ተደብቆ እንጨት መፍለጥ የለም።»

ከዚያ እጄን ሳበችና የሠራቻቸውን የዘንባባ ቀለበቶች አንድ በአንድ አንዲት ጣቴ ላይ አስገባችልኝ። ሦስት ነበሩ። ጣቴ አልታጠፍ አለ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ልደታ ውስጥ ቆረብን። ቁርባኑን ስለመቀበሌ የማስታውሰው ነገር የለም። ወደ መቅደሱ ስንቀርብ ነበርኩ፤ ቀጥሎ ያለሁት ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ነው። አስካለን ጠየቅኋት።

«ስትቀበል ዓይኖችህን ጨፍነህ ነበር» አለች። «እንደ ሕፃን።»

ውቢት ናት ማለት ነው። አልተቆጨሁም። ከሦስታችን ለማን ይገባ ነበር ቢሉኝ ለእሷ እል ነበር፤ ጨለማውን የተቀመጠችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ኬላዎቹን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። የሰፈሩ ሰው ፈሪ ሆነ አለኝ። ፈርቼ አልነበረም፤ ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ እንዳይመታ ነው። የቀረውን ቀልዴን ሁሉ ለጽሑፍ አቆየሁት፤ እናንተም ጽሑፌን እየገዛችሁ እስከ ዛሬ እየከፈላችሁበት ነው።

የውጭ አገር ሐኪሞች ለዚህ ነገር ስም እንዳወጡለት በኋላ አንብቤአለሁ። አንዳንዶቹ የተከፋፈለውን ሰው አዋሕዶ አንድ ማድረግ ነው ፈውሱ ይላሉ። ለሚሻው ሰው ይሁንለት፤ እኔ አልከራከርም። ስለ አደባባይ ጠበልና ስለ ሰንሰለት ግን እከራከራለሁ። የእኔ ዕድል አንድ ሰው በስህተት በትክክል የሰማኝ መሆኑ ነው። አባ ወልደ ሰንበት ሁለት ወንድማማችና አንዲት እህት መሰልናቸው፤ ስህተቱን ካወቁ በኋላም አላረሙትም። እስኪያርፉ ድረስ ለየራሳችን ቀኖና ይሰጡን ነበር፤ የባሻ ሁልጊዜ ከእኔ ያንስ ነበር፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ «ወግድ» ነበር መልሳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ የሚያናግረውን ሰው ስም መጀመሪያ የሚጠይቅ ሐኪም ወይም ቄስ ፈልጉ። አለ። እኔ እንኳ፣ በዚያ ዘመን፣ አግኝቻለሁ።

አስካለ አሁንም ደጁ ሲከፈት ቀና ብላ «ማነው?» ትላለች። ሦስታችንም እንመልሳለን። አርጅተናል። ባሻ ወገቡን ያመዋል፣ መጥረቢያውን ለሰው ሰጥተናል። ውቢት ግን አላደገችም፤ ኩራዙም ወደ አምፖል ተለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ ከሰፈራችን ሰዎች፣ ሊጠይቁኝ ከሚመጡት አንባቢዎችም የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቤቴ መጥታችሁ ስትወጡ መብራት ለመቆጠብ ብላችሁ ማብሪያውን እየነካችሁ አትሂዱ። ተዉት። ይብራ።